አሮጌዋ ቮልስዋገን በማለዳ አልነሣም ስትል

ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይጠቅማል

አሮጌ አውቶሞቢል ባለቤቱን የሚያስቸግረው ባለቤቱ በሚቸኩልበት ሰዓት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ ሲኖርባቸው፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ፣ ወይም ሰው ለቅሶ ሊደርስ ጎሕ ሲቀድ ሲነሣ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን መልስ አይሰጥም። ወዲያው ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪው ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የለም፣ ካንዴላው ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ለመግፋት እጅጌውን ይሰበስባል። ባለመኪናውም ማንን እንደሚያምን ስለማያውቅ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ ይገሠግሣል። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ደኅናው ዕቃ ወልቆ አዲስ ይገባል፤ የታመመው ግን በቦታው ይቀራል። በማግሥቱም መኪናዋ እንደ ገና አልነሣም ትላለች።

ይህ እንዳይደርስ የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያ ወይም የመካኒክነት ዲፕሎማ አይደለም፤ ሥርዐት ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ ባለመኪናም ሳይመረምር ዕቃ መለወጥ የለበትም። ምርመራውም ተራ አለው። ተራውን የያዘ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሽታውን ያገኛል፤ ተራውን የለቀቀ ግን ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ይውላል።

ስለ ጥንዚዛዋ ጥቂት

ለምሳሌ የመረጥነው ቮልስዋገንን ነው። ጀርባዋ ጎበጥ ያለውን ይህችን መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የማያውቃት የለም። የነደፋት መሐንዲስ ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ በብዛት መሠራት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 17 ቀን 1972 ቁጥሯ 15,007,034 ሲደርስ የአሜሪካው ፎርድ «ሞዴል ቲ» ይዞት የነበረው የብዛት ክብር ተሻረ። የመጨረሻዋ ጥንዚዛ በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ከፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ነበር።

በአገራችን ታሪክ ውስጥም ስሟ ተጽፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነበር።

ዕድሜዋን ያስረዘመው አሠራሯ ነው። ሞተሯ አራት ሲሊንደር ያለው፣ ከኋላ የተቀመጠና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር ስለሌላት ውሃ አይፈላባትም፣ አይፈስባትም። ኮምፒዩተር ስለሌላት በሽታዋ በዓይን ይታያል፣ በጆሮ ይሰማል፣ በእጅ ይዳሰሳል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ አሮጌዋን መኪና በሕይወት ማቆየት የፍቅር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

ሞተር ምን ይፈልጋል?

የቤንዚን ሞተር ለመነሣት አራት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ሞተሪኖው በበቂ ፍጥነት ሊያዞረው ይገባል። ሁለተኛ፣ በካንዴላዎቹ ጫፍ በትክክለኛው ጊዜ እሳት መብለጭለጭ አለበት። ሦስተኛ፣ ቤንዚን ከአየር ጋር ተመጥኖ መግባት አለበት። አራተኛ፣ ሲሊንደሩ የገባውን አየርና ቤንዚን ሳያፈስ አምቆ መጭመቅ አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ ፍጹም ደኅና ቢሆኑ እንኳ ሞተሩ አይነሣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልለውጥ?» ሳይሆን «ከአራቱ የጎደለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለዚህም ኮፈኑን ከመክፈትዎ በፊት ቁልፉን ያዙሩና ያድምጡ። ፍጹም ዝምታ ከሆነ፣ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ወይም ሞተሪኖው እያቃሰተ በዝግታ ካዞረ ችግሩ በባትሪ፣ በሽቦ ወይም በሞተሪኖ በኩል ነው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይቀበል ከሆነ ግን ባትሪውን ይተዉት፤ እሳትና ቤንዚን ይፈልጉ። በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ የሥራው ግማሽ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ዝምታ፣ «ቀጭ» ወይም ማቃሰት

መኪናዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርገው የፊት መብራቱን ያብሩ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የግድግዳውን ብርሃን ይመልከቱ። ብርሃኑ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደከመ ባትሪው ባዶ ነው፣ የባትሪው እራስ ላይ ያለው ማሠሪያ ላልቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ተይዞ ከዐቅም በላይ ኀይል እየሳበ ነው። ብርሃኑ ሳይቀንስ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ኀይል አለ፤ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው።

የቮልስዋገን ባትሪ ከኋላ መቀመጫ በታች በቀኝ በኩል ይገኛል። መቀመጫውን ሲያነሡ በባትሪው እራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ቢያዩ የኀይል መተላለፊያው ተዘግቷል ማለት ነው። ማሠሪያዎቹን ፈትተው በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠቡ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈትጉና አጥብቀው ይሠሩ። ሲፈቱ መጀመሪያ የማሳውን ሽቦ ይፍቱ፤ ሲያስሩ እሱን መጨረሻ ያድርጉት። የባትሪው ክዳንም በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ። ክዳኑ የጠፋ እንደ ሆነ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ብረት ባትሪውን ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

መለኪያ ያለው ሰው ቮልቱን ይመልከት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል ይችላል። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ወይ አልተሞላም፣ ወይ አርጅቷል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ብዙዎቹ ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ለነዚህ ቁጥሩን በግማሽ ያድርጉት። ባለ 6 ቮልት መኪና ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለምትስብ ትንሽ ዝገት እንኳ ይጎዳታል። ከባለ 12 ቮልት መኪና ጋርም በሽቦ አገናኝቶ ማስነሣት አይገባም።

ከባትሪው ቀጥሎ የሚረሳው ነገር ማሳው ነው። ኀይል በአንድ ሽቦ ሄዶ በመኪናዋ ብረት በኩል ይመለሳል። የሞተሩ መቀመጫዎች ጎማ ስለሆኑ ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ ጠፍጣፋ የሽቦ ጥብጣብ አለ። ይህ ጥብጣብ በዝገት ከተበላ ወይም ካምቢዮው በወረደ ጊዜ ሳይታሰር ከቀረ ባትሪው አዲስ ቢሆንም ሞተሪኖው ያቃስታል።

ቀዝቅዛ ሳለ በደንብ ተነሥታ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ «ቀጭ» የምትል ቮልስዋገን ደግሞ ብዙ ሰው ያስወቅሳል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሞተሪኖውን የሚያዘው ቀጭን ሽቦ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ቁልፉ ድረስ ወደ ፊት ይሄድና እንደ ገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦውና ቁልፉ ሲያረጁ ኀይሉ በመንገድ ይባክናል፤ ሞተሪኖው ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ኀይል ይፈልጋል። ያወቁ መካኒኮች ለዚህ የሚያደርጉት ሞተሪኖ መለወጥ ሳይሆን፣ ከባትሪው አጠገብ ወይም ከሞተሪኖው ዘንድ አንዲት ትንሽ ሪሌ መጨመር ነው።

ሌላም ምሥጢር አለ። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚዞረው በራሱ በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ በተተከለች ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው፤ መካኒኮች ቡሽንግ ይሏታል። ይህች ቀለበት ስትበላ ዘንጉ ያዘነብላል፤ ሞተሪኖውም እየተፋተገ ያቃስታል። ሞተሪኖ የለወጠ ሰው ቀለበቷን ስላልለወጠ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆንበታል። ሁለት ጊዜ ሞተሪኖ ገዝቶ ችግሩ ያልለቀቀው ሰው ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት ይህችን ርካሽ ቀለበት ይጠይቅ።

እሳት አለ ወይስ የለም?

ሞተሪኖው በደንብ ካዞረ በኋላ ወደ እሳቱ እንሂድ። ትርፍ ካንዴላ ካለዎት ከአንዱ የካንዴላ ሽቦ ጋር ያገናኙት፤ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተው ያስቀምጡት። በእጅዎ አይያዙት፤ ከካርቡሬተሩም ይራቅ። ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ድምፅ ያለው ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው፤ ወደ ቤንዚኑ ይለፉ። ብጫና ደካማ ብልጭታ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ምርመራው እዚሁ ይቀጥላል።

እሳቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ይረዳል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲና የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች አሉ። ሲገጥሙ ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ድንገት ሲከፈቱ በቦቢናው ውስጥ የተጠራቀመው ኀይል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ወደ ካንዴላው ይወረወራል። ስለዚህ ፑንቲናው በቂ ካልተከፈተ እሳት የለም። ርቀቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ነገር ግን ፑንቲናውን የሚገፋው ጠንካራ ላስቲክ መሳይ ክፍል ከቀን ወደ ቀን ስለሚበላ ርቀቱ ቀስ እያለ ይጠብባል። ባለመኪናውም መኪናዋ ትናንትና ድንገት የታመመች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ለወራት ስትታመም ኖራለች። ዲስትሪቢዩተሩን ሲከፍቱ የፑንቲናው ፊት ከተቃጠለና ጉድጓድ ከያዘ በአዲስ ይለውጡት። አዲሱም ፈጥኖ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ።

በክረምት ጊዜ ደግሞ ርጥበት የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይወርሳል። ክዳኑን አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ይጥረጉ፤ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ ካዩበት ይለውጡት። ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ምልክት ያድርጉባቸው። የቮልስዋገን የእሳት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ተራው የተዘበራረቀ እንደ ሆነ ሞተሩ በካርቡሬተሩ ወይም በጭስ መውጫው በኩል ይተኩሳል እንጂ አይነሣም። ሞተሩ ቆሞ ሳለም ቁልፉን ከፍተው አይተዉ፤ ቦቢናውና ፑንቲናው ይቃጠላሉ።

ቤንዚኑስ?

አስቀድመው የሚያስቁትን ጥያቄ ይጠይቁ፤ ቤንዚን አለ? እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ቮልስዋገኖች የቤንዚን መለኪያ የላቸውም፤ ሹፌሩ ቤንዚን ሲያልቅበት በእግሩ አጠገብ ያለውን ቧንቧ ወደ መጠባበቂያው ያዞር ነበር። መለኪያ ያላቸውም ቢሆኑ አርጅቶ ሊዋሽ ይችላል።

የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ይመጣል። መድረሱን ለማወቅ የቦቢናውን መካከለኛ ሽቦ ነቅለው ከማሳ ጋር ያገናኙ፤ ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ አውጥተው ጫፉን በቆርቆሮ ውስጥ ያድርጉትና ሞተሪኖውን ለጥቂት ሴኮንድ ያዙሩ። ቤንዚኑ ፈንጠቅ ፈንጠቅ እያለ ከመጣ ፖምፓው ይሠራል። ካልመጣ ፊልትሮው በቆሻሻ ተዘግቶ፣ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ወይም የፖምፓው ቆዳ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ሳምንት ቆማ በነበረች መኪና ግን በካርቡሬተሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ተኖ ስለሚያልቅ ፖምፓው እስኪሞላው መታገሥ ያስፈልጋል። ዐሥር ሴኮንድ አዙረው አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፤ ያለ ዕረፍት ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥለዋል።

አነሣሥም ሥርዐት አለው። አውቶማቲክ ቾክ ያላት ቮልስዋገን ቀዝቃዛ ስትሆን ቤንዚን መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጠው ይልቀቁት፤ ቾኩ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እግርዎን አንሥተው ቁልፉን ያዙሩ። ስትሞቅ ደግሞ ደጋግመው ሳይረግጡ መስጫውን በግማሽ ይዘው ያስነሡ። የቤንዚን ሽታ ከሸተተና ካንዴላው እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ መስጫውን እስከ ታች ረግጠው በመያዝ ሞተሪኖውን ያዙሩ፤ ብዙ አየር ገብቶ ያደርቀዋል። ተነሥታ ወዲያው የምትጠፋ ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄዱት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ወልቀው እንደ ሆነ ይመልከቱ።

የደጋው አየርና የቆላው ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ ለሚገኝ አየር የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰውና ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ይለብሳሉ። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ካንዴላውን ማጽዳት፣ የጫፉን ርቀት ወደ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ማስተካከልና የካርቡሬተሩን ልክ በሚያውቅ ሰው ማስመርመር ይበጃል።

ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ችግሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ቤንዚኑ በፖምፓውና በቱቦው ውስጥ ይፈላል፤ ፖምፓውም በቤንዚን ፋንታ እንፋሎት ይገፋል። ለምሳ የቆመች መኪና ከምሳ በኋላ አልነሣም ያለች እንደ ሆነ መፈታታት አያስፈልግም። ኮፈኑን ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግና ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የተረሳው ቫልቭ

እሳቱም ቤንዚኑም ደኅና ሆነው ሞተሩ በብዙ ልመና ብቻ የሚነሣ ከሆነ አራተኛውን ነገር፣ ጭመቃውን ይጠይቁ። በቮልስዋገን ሞተር የቫልቮቹ ክፍተት በአገልግሎት ብዛት ሊጠብብ ይችላል። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ጭመቃው ያፈስሳል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ ይበልጥ የሚያሠጋው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ነፋሱን ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ነው። በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይህን ያስደረገ ሰው ሞተሩን ከማስወረድ ይድናል።

ከእሳትና ከመግፋት መጠንቀቅ

አንዳንድ ረዳቶች ሞተሩን ለማስነሣት ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ ያፈስሳሉ። ይህ ክፉ ልማድ ነው። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ሲተኩስ ነበልባሉ የሚያፈስሰውን ሰው ፊት ያገኘዋል። የቮልስዋገን የቤንዚን ቱቦዎችም ከሞቀ ሞተር በላይ ስለሚያልፉ የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ መኪናዋን በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል። ቱቦ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳይፈስስ በፊት ይለወጥ። እሳት ማጥፊያም በመኪናዋ ውስጥ ይኑር።

መግፋት የግድ ከሆነ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሁለተኛ ማርሽ አግብተው ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፤ መኪናዋ ስትፈጥን ቀስ ብለው ይልቀቁት። ልጆች ከኋላም ከፊትም አይቁሙ። የዳሽቦርዱ መብራት እንኳ የማይበራበት ፍጹም ባዶ ባትሪ ከሆነ ግን ብልጭታ ስለማይኖር ገፊዎቹ በከንቱ ይደክማሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት የበራ እንደ ሆነ «ቤት ስደርስ አየዋለሁ» አይበሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ነፋስ የሚያመጣ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ሊቃጠል ስለሚችል ወዲያው ይቁሙ።

ቆርጠው በመኪናዋ ኪስ የሚያኖሩት

1. ሞተሪኖው ካላዞረ፦ የፊት መብራት፣ የባትሪው እራስ፣ የማሳው ሽቦ፣ ከዚያ ሞተሪኖውና ቀለበቱ።
2. ቀዝቅዛ ተነሥታ ሞቃ እምቢ ካለች፦ የቁልፉ ሽቦና ሪሌ፤ በቆላ ከሆነ የፈላ ቤንዚን።
3. አዙሮ ካልተቀበለ፦ መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ቤንዚን።
4. እሳት ከሌለ፦ ፑንቲና 0.4 ሚሊሜትር፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ኮንደንሰር፣ ቦቢና።
5. ቤንዚን ከሌለ፦ ማጠራቀሚያው፣ ፊልትሮው፣ ቱቦው፣ ፖምፓው።
6. ሁሉ ደኅና ከሆነ፦ የቫልቭ ክፍተት።

በዚህ ዝርዝር ላይ አንዲት ትንሽ ደብተር ይጨምሩበት። የተለወጠውን ዕቃ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ይጻፉባት። ጋራዥ ሲሄዱም «አልነሣም አለች» ብቻ ከማለት ይልቅ «ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ቤንዚን ይደርሳል፤ እሳት ግን የለም፤ ፑንቲናው ከተለወጠ 10,000 ኪሎሜትር ሆኖታል» ይበሉ። ሐቀኛው መካኒክ ጊዜ ስላዳኑለት ያመሰግንዎታል፤ ሐቀኛ ያልሆነውም ያልተበላሸ ዕቃ ሊሸጥልዎ ከመሞከሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።